ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለብሎን፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ተመስገን ነው፣ አለን። «ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ኪሱን ብሎን እየሞላ ሱሪው ከወገቡ የሚወርድበትን ልጅ እንዴት ብዬ ክቡር ልበለው? ይቅርታህን። እዚህ ግን ሰፈሩ ሁሉ ወሬው አንተ ነህ። የጣቢያው ኃላፊ መንገድ ላይ አቁሞኝ «የኛው የባቡር ነጂ ልጅ፣ ድልድይ ሲሠራ ኖሮ ኖሮ ዛሬ የሁላችን አለቃ ሆነ!» እያለ እጄን ጨብጦ አልለቅም አለ። አባዬ ይህን ሳያይ መሄዱ ነው የሚቆጨኝ።

«ምነው ዝም አልሽ?» ላልከኝ፣ ዝም ያልኩት ሥራ ይዞኝ አይደለም። ደስታህን ላደፈርስብህ አልፈለግኩም። አሁን ግን የእማዬ ነገር ከአቅሜ በላይ ሆነ።

መርሳቷ ብሶባታል። አንዳንድ ቀን ታውቀኛለች፣ አብዛኛውን ቀን ግን «አንቺ ልጅ» ነው የምትለኝ፣ ለሥራ እንደገባሁ ሁሉ። ይሄስ ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። ምግቧን ግን በወጉ ትበላ ነበር። እንዴት መሰለህ? አባዬ ከሥራ ሲመለስ ከቤታችን በላይ ያለው ኩርባ ላይ ሲደርስ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። «ደርሻለሁ፣ ድስቱን ጣጂ» ማለቱ ነው። ሾርባው ሲሞቅ እሱ በር ላይ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ጥላሸት ተረከበው። ጥላሸትን መቼም አትረሳውም፣ የአባዬ ረዳት የነበረው፤ አሁን እሱም ሸብቶ ዋና ነጂ ሆኗል። በዚህ መስመር ለሚመደብ ነጂ ሁሉ «ኩርባው ላይ ለእናታችን ንፉላት» ብሎ አደራ ይሰጣል። ያ ጥሩምባ ሲሰማ እማዬ «ሰውዬው መጣ!» ብላ ትነሳለች። ለእሱም ለራሷም ትጨልፋለች። «እስኪታጠብ ልቅመስ» እያለች የራሷን ትበላለች፣ በልታ ስትጨርስ እሱ አለመግባቱን ረስታዋለች። እንዲህ እያልን ስንት ዓመት ኖርን።

ከመስከረም ወዲህ ግን ጥሩምባው ቀረ። በከተማ ክልል መንፋት ክልክል ነው የሚል ሰርኩላር ወጣ አሉን። እማዬም መብላት ተወች። «ሰው ሳይመጣ ማን ይበላል?» ትለኛለች። ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ አሞቀዋለሁ፣ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ቢጨንቀኝ የጎረቤታችንን ሹፌር ለምኜ የጭነት መኪናውን ክላክስ አስነፋሁላት። ሳቀችብኝ! «ይሄማ ጋዝ ሻጩ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ አንተ አለቃ ነህ። ለአንድ ኩርባ፣ በቀን አንዴ ፍቀድልን። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

እህትህ


ጥቅምት 21 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስብሰባ በስብሰባ ላይ ነው። ድንኳን ውስጥ እያደርኩ ሐዲድ ሳስዘረጋ እንኳን እንዲህ ጊዜ አጥቼ አላውቅም። ቢሮዬ እንዴት ነው ብትዪኝ፣ ምንጣፍ አለው፣ መስኮቱ ግን አይከፈትም። ልጄ ማታ ስገባ «ክቡር ሥራ አስኪያጅ ዛሬ በጊዜ መጡ» ትለኛለች። እየቀለደች ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ሰርኩላሩን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከተሾምኩ የመጀመሪያ ፊርማዬ እሱ ነው። ሐዲድ ዳር ያሉ ሰዎች፣ ሐኪም ቤቶች ሳይቀሩ፣ እንቅልፍ አጣን ብለው ስንት ዓመት ሲያመለክቱ ኖረዋል። መሻገሪያዎቹ ሁሉ መብራትና መዝጊያ ስለተገጠመላቸው ጥሩምባው አስፈላጊ አይደለም ተብሎ ተጠንቶበታል። እትዬ፣ ራስሽ ፍረጂ። የሰውን ሁሉ ጥሩምባ አስቁሜ ለገዛ እናቴ ብቻ ብፈቅድ ምን እባላለሁ? ገና ወንበሩን ሳላሞቀው «ለቤቱ ጀመረ» ይሉኛል። አባዬ ራሱ ቢሆን አያደርገውም ነበር።

እማዬን ሐኪም ይያት። ከመሥሪያ ቤታችን ክሊኒክ አንድ ጎበዝ ዶክተር እንዲመጣላችሁ አዝዣለሁ። እኔም አዲሱ ድልድይ ይመረቅና እመጣለሁ። ባለፈውም እንዲህ ብለሃል እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ የአሁኑ ግን የምር ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 6 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

ሰላም ነህ? ዶክተርህ መጥቶ ነበር። ትሑት ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው። አገላብጦ አያትና «መብላት አለባት» አለኝ። እኔም አመሰገንኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ደብዳቤህን አነበብኩላት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማችኝና «የማን ልጅ ነው? ሥርዓት ያለው ልጅ ነው» አለች። ያንቺ ልጅ ነው እማዬ፣ ብላት «የእኔማ የት ይጽፋል!» ብላ ፊቷን አዞረች። ትራሷ ሥር ያለውን የተማሪ ቤት ፎቶህን አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለዋለች። ስላንተ የሚወራው ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ይመስላታል።

ጥላሸት ደግሞ ባለፈው አላስችል ብሎት አንድ ቀን ነፋላት። ያን ቀን ሁለት ሳህን በላች፣ ተመስገን አልኩ። በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣለት። ይዞት ቤት መጣና «እይው፣ የብሎን ፊርማ ነው። ስሙን መጻፍ ያስተማርኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ገና አላማረለትም» ብሎ ሳቀ። እሱ ይሳቅ። እኔ ግን ሁለተኛ እንዳትነፋ ብዬ ለመንኩት፣ የልጆች አባት ነው።

እማዬ እንዴት ናት ብትለኝ፣ ደህና ናት። በጊዜው ወደ በር ወጣ እያለች ታያለች፣ ትመለሳለች። ሌላም ልነግርህ የነበረ ነገር ነበረ። ይቅር፣ ሆድ ይፍጀው።

እህትህ


ኅዳር 19 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤

ቁጣሽ ደርሶኛል። «ቅር አለሽ ወይ?» ብዬ አልጠይቅሽም፣ ከጽሑፍሽ ያስታውቃል። ይቅር በይኝ።

ጥላሸትን በተመለከተ፣ አልጨከንኩበትም። ያ ማስጠንቀቂያ ለማንም የሚጻፍ ነው። ጭራሽ አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣብኝ። ሰሞኑን በእናንተው መስመር አንዲት አሮጊት ሐዲድ መሃል ቆመው ተገኝተው ባቡሩ በአስቸኳይ ፍሬን ነው የቆመው። ነጂው እሱ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ሴትየዋን «አላውቃቸውም» ብሎ አልፏቸዋል። ይባስ ብሎ ኩርባው ጋ ሳይደርስ፣ ማንም ሳያዘው፣ ፍጥነት ቀንሶ ነበር። ለምን እንደቀነሰ ሲጠየቅ «እንዲያው ነው» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ ልከላከልለት?

የሴትየዋ ቤተሰቦችስ ምን ዓይነት ሰዎች ቢሆኑ ነው? አሮጊት እናታቸው ሐዲድ ላይ ስትወጣ ዝም ብለው የሚያዩ! ቦታው በአጥር እንዲከለል አዝዣለሁ። አንቺም እባክሽ በርሽን ዝጊ፣ እማዬን አደራ።

የድልድዩ ምረቃ ተላልፏል። ስለዚህ መምጣቴም ትንሽ ይገፋል።

ወንድምሽ


ኅዳር 26 ቀን

ወንድሜ፤

ሰላምታው ይቆየን። ያቺ አሮጊት እናትህ ናት።

ቤተሰቦቿ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ላልከው፣ አንዷ እኔ ነኝ፣ ሌላው አንተ ነህ። እኔ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወርጄ ነበር። በሩን ቆልፌዋለሁ፤ ቁልፉን የት እንደማኖረው ግን እሷ ናት ያስለመደችኝ፣ እጇ አልረሳውም። አንተስ? ያንን ሐዲድ ያሳደስክ ሰው ነህ። ኪሎ ሜትሩ ሪፖርቱ ላይ ተጽፎ የለም ወይ? የማን ደጃፍ እንደሆነ እንዴት ይጠፋሃል?

ሪፖርትህ ላይ የሌለውን ልንገርህ። እጇ ላይ ሳህን ነበረ። «ሰውዬው ሥራ በዝቶበት ነው፣ እዚያው ልውሰድለት» ብላ ነው የወጣችው። ጥላሸት ፍሬን ይዞ፣ ከባቡሩ ዘሎ ወርዶ አጠገቧ ደረሰ። ምን አለችው መሰለህ? «ምነው ዘገየህ? ብላ» አለችው። ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አስግጎ እያየ፣ ያ ሽማግሌ ሰው ሐዲዱ ላይ ቆሞ ሾርባውን ጠጣላት። «ጣፈጠህ?» አለችው። «እጅግ» አላት። ከዚያ ክንዷን ይዞ ቤት ድረስ አደረሳትና ሮጦ ወደ ባቡሩ ተመለሰ።

ስሟን ያልጻፈው አንተ እንዳታፍር ብሎ ነው። ፍጥነት የቀነሰው ደግሞ ጥሩምባው ከቀረ ወዲህ «ትወጣ ይሆናል» ብሎ ስለሚፈራ ኩርባው ላይ ሁልጊዜ ቀስ ስለሚል ነው። ባይቀንስ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ጥቁር ለብሼ ነበር የምጽፍልህ።

አጥሩን እሠራለሁ ካልክ ሥራው። አጥሩ ግን አያበላትም። የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ አስቸግሮኝ በክር አስሬ አንገቷ ላይ አንጠልጥዬላታለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 2 ቀን

እትዬ፤

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ፣ ተቀምጬ ጨረስኩት። አፈር ልብላ።

ማክሰኞ በከሰዓቱ ባቡር እመጣለሁ። ለማንም አትንገሪ፣ የጣቢያው ኃላፊ ሰው አሰልፎ እንዳይጠብቀኝ። ጥላሸት እንዲነዳው አድርጌያለሁ።

ድስቱን ጣጂ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ይድረስ ለብሎኔ፤

በሰላም መግባትህን የላክኸው ሰው ነግሮኛል፣ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን አልረካሁም። ስንት ዓመት ጠብቄህ ወግ እንኳን አላወጋን። የኔ ነገር! ጣቢያ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፣ አንተ ለካ እንደ ልጅነትህ ኩርባው ላይ ወርደህ በጓሮ ገብተሃል። በዚህ ዕድሜህ እግርህ ቢሰበር ኖሮ ምን ልትል ነበር? እያለከለክሁ ስደርስ የጥላሸትን ቱታ ለብሰህ የአባዬ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትበላለህ። እሷም ፊት ለፊትህ ሆና ትበላለች። ዳቦ የማመጣ መስዬ ወደ ማድ ቤት የሸሸሁት እንባዬን እንዳታይብኝ ብዬ ነው። የማታው ባቡር ደረሰ ብለህ ስትነሳም ጥቂት ቆይ አላልኩህም።

አዲሱ ሰርኩላር እዚህም ደርሷል። አሻግሮ የማያሳይ ኩርባ ላይ ሁሉ ጥሩምባ መንፋት ግዴታ ነው ይላል አሉ። በእናትህ ሰበብ አገር ምድሩን አስጮህከው! ከእንግዲህ እንቅልፍ ያጡት ሁሉ አንተን ይርገሙ፣ እኔ የለሁበትም። እማዬ በየቀኑ ትበላለች። ጉንጯ መለስ እያለ ነው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ዕለት እኔ ሳልደርስ ምን ብለሃት ነው? ከሄድክ ጀምሮ ጥሩምባው ሲነፋ ሦስት ሳህን ነው የምታወጣው። የመጀመሪያው ቀን ለኔ መስሎኝ ነበር። አወቀችኝ ብዬ፣ ልቤ ደስ ብሎት ወንበር ሳብኩ። «አንቺ ልጅ፣ እዚያ አትቀመጪ፣ የልጄ ቦታ ነው» አለችኝ። የቱ ልጅሽ? ብላት «ይመጣል» አለችኝ። ማን ነገረሽ? ብላት ደግሞ እንደ ሞኝ አየችኝና «አባቱ ነዋ» አለች።

ምን ብለሃት ነው?

እህትህ


ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤

ያልኳትን ልንገርሽ። ያን ዕለት ሳልነግርሽ ባቡሩን ሰበብ አድርጌ ነው የሸሸሁት።

ከጥላሸት ጋር ከፊት ተሳፈርኩ። ሱፍህ ግራሶ ይነካዋል ብሎ ትርፍ ቱታውን ሰጠኝ። ኩርባው ጋ ስንቃረብ በል ንፋው አልኩት። «አይ ጌታዬ፣ ክልክል ነው። ሰርኩላሩን የፈረሙት እርስዎ ነዎት» አለኝ፣ ፊቱን እንኳን ሳያዞር። አንተ ሰው፣ እባክህ ብለው «የልጆች አባት ነኝ፣ አለቃዬ ክፉ ነው» ይለኛል! በመጨረሻ እኔው ነፋሁት። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። አባዬ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ካስነፋኝ ወዲህ ነክቼው አላውቅም ነበር። እጄ ግን አልሳተም።

በጓሮ ስገባ ድስቱ ተጥዷል። ፊቴን አላየችም። ያየችው ጥቁር ግራሶ የነካውን እጄን ነው። «ታጠብ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ። እማዬ! አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ምን ነካህ አንተ ሰው? እናትህ ከሞተች ስንት ዘመኗ! ድካም ነው» ብላ ሳሙና ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ደግሜ መጥራት አልቻልኩም። ታጥቤ ተቀመጥኩ።

ጥቂት እንደበላን «ልጃችን ጻፈ?» አለችኝ። ጽፏል አልኳት። «ምን አለ?» ይመጣል አልኳት። እትዬ፣ ሌላ ምን ልበላት? ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሳችና ግንባሬን ሳመችኝ። የሳመችኝ ግን ስለ ወሬው ነው። በዚያ ልጅ ቀናሁበት። እንደዚህ የሚወደድ ልጅ እኔ ከሆንኩ እስከ ዛሬ የት ነበርኩ?

ሦስተኛው ሳህን የኔ ነው ማለት ነው። እንዲህማ ስትጠብቅ አትኖርም። በሚቀጥለው ወር ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። በፊት በር፣ ሱፌን ለብሼ፣ እንደ ልጇ እገባለሁ። ያን ፎቶ አጠገቤ ይዤ ቁጭ እልላታለሁ፣ ታውቀኛለች። ምን ትያለሽ? እስከዚያስ ያን ሳህን ምን ታደርጊዋለሽ?

ወንድምሽ


ጥር 17 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? የጥላሸትን ነገር ሳነብ ስንት ቀን ያልሳቅኩትን ሳቅ ሳቅኩ። «አለቃዬ ክፉ ነው» አለህ? ደግ አደረገ።

ለጠየቅኸኝ፣ ሱፍ ለብሰህ አትምጣ። በፊት በር ሱፍ የለበሰ ሰው የገባብን አንድ ቀን ብቻ ነው። አባዬ ባቡሩን እየነዳ ሳለ ልቡ ቆመ ብለው ሊነግሩን ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ለታ። አንተ ያኔ ድንኳንህ ውስጥ ነበርክና አላየሃትም። ሁሉን ረስታ ያንን አልረሳችም። ዶክተርህ እንኳን ሱፍ ለብሶ ሲመጣ በሩን ጠርቅማበት በስንት ልመና በጓሮ ነው ያስገባሁት። ፎቶውንም ተወው ብሎኔ። ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ጠጉር አለው።

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እያወቅሁ ብዋሽህ ኃጢአት ነው። ያን የምትጠብቀውን ልጅ አንተ ሆነህ ልትመጣላት አትችልም። ጊዜው አልፏል። አንተ ያለህላት እንደ አባዬ ሆነህ ነው። ስለዚህ ቱታውን ልበስ፣ እጅህን ግራሶ አስነካው፣ በጓሮ ግባ። ልጃችን ጻፈ ስትልህ ጽፏል በላት። ትስምሃለች። አንተም የቻልከውን ያህል ብላላት። ሌላ የሚደረግ የለም፣ እኔም አልቅሼበት ጨርሻለሁ።

ትናንት ድንች ስትጨልፍ ትልቁን መርጣ ላንተ አደረገችልህ። «ብሎን ሲለቅም ውሎ ሳይበላ ነው የሚመጣው» አለች።

ሳህንህን ምን አደርገዋለሁ ላልከኝ፣ እሷ ጋደም ስትል እኔ እበላዋለሁ። ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰኝ፣ ግን ያንተ ስለሆነ ጥሩ ጥሩው አይጠፋበትም። ለኔ ሳህን አታወጣም። በዚህ አልከፋኝም፣ አንተም እንዳይከፋህ። ሳህን የምታወጣው ለምትጠብቀው ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ የትም ሄጄ አላውቅ።

ጥላሸት ሰላም ብሎሃል። ትርፍ ቱታውን አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ።

እህትህ